የመሥራቹ መታሰቢያ ሲጠገን፦ በጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት የሚከናወን እድሳትና የሚጠይቀው ጥንቃቄ

በአገራችን የአንድ ደብር ወይም ገዳም ስም ሲነሣ የመሥራቹ ስም አብሮ ይነሣል። ደብረ ዳሞ ከአቡነ አረጋዊ፣ ደብረ ሊባኖስ ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት ተለይቶ አይታወቅም። በላስታ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር በዋሻ ውስጥ የታነጸው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የሚጠራው በራሱ በመሥራቹ፣ ንግሥናን ከክህነት ጋር አስተባብሮ እንደያዘ በሚነገርለት በቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ ስም ነው። ከእነዚህ ታላላቅ ስፍራዎች ባሻገር በየገጠሩ ባሉ አጥቢያዎችም ቤተ ክርስቲያኑን የተከሉት፣ የመጀመሪያውን ቅዳሴ የቀደሱት፣ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተማሩት አባት በመቃብራቸው፣ በመስቀላቸው፣ በመቋሚያቸውና ባጻፉት መጽሐፍ ሲታወሱ ይኖራሉ።

ይሁንና መታሰቢያዎቹ ያረጃሉ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ሥዕሉ በጥላሸት ይጠቁራል፣ መቃብሩ ሣር ይበቅልበታል። በዚህ ጊዜ የአጥቢያው ምእመናን እንዲሁም በአገር ውስጥና በውጭ የሚኖሩ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው መሥራቹን የሚመጥን እድሳት ለማከናወን ይነሣሉ። ተነሣሽነቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን መሥራቹን ለማክበር የተጀመረ ሥራ፣ ጥንቃቄ ከጎደለው፣ መሥራቹ የተዉትን ብቸኛ ማስረጃ ሊያጠፋ ይችላል። የፈረሰ ጥንታዊ ግድግዳ፣ በዘይት ቀለም የተሸፈነ ሥዕል ወይም በሲሚንቶ የተለበጠ መቃብር ወደ ቀድሞ ይዞታው አይመለስም።

ይህ ጽሑፍ የመሥራች መታሰቢያ የሚባለው ምን ምን እንደሚያካትት፣ ቀደም ሲል በታላላቅ ስፍራዎች ከተከናወኑ ሥራዎች ምን ትምህርት እንደሚገኝ፣ ሕጉ ምን እንደሚደነግግና አንድ አጥቢያ እድሳት ከመጀመሩ በፊት ሊያሟላ የሚገባውን ያብራራል።

የመሥራች መታሰቢያ ሲባል ምንን ያካትታል?

መታሰቢያ ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው መቃብር ወይም ሐውልት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ግን መታሰቢያ ከዚህ የሰፋ ነው። በአራት ወገን ከፍሎ መመልከት ይቻላል።

የመጀመሪያው ቦታው ራሱ ነው። መሥራቹ የጸለዩበት ዋሻ፣ የፈለቀው ጠበል፣ ያረፉበት ስፍራና በዙሪያው ያለው የቤተ ክርስቲያን ደን ሁሉ የመታሰቢያው አካል ናቸው። ሁለተኛው ሕንፃው ነው። የግድግዳው አሠራር፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ የበርና የመስኮቱ ቅርጽ፣ የመቅደሱ አቀማመጥ መሥራቹ የኖሩበትን ዘመን እጅና ጥበብ ይናገራሉ። ሦስተኛው ጽሑፍና ንዋያተ ቅድሳት ነው። ገድሉ፣ በወንጌል ባዶ ቅጠሎች ላይ የሰፈረው የርስት ስጦታ፣ የአበው የስም ተራ፣ በግድግዳ ሥዕል ግርጌ በግንባሩ ተደፍቶ የሚታየው የአሠሪው ምስልና ከአጠገቡ የተጻፈው ስም ከዚህ ይመደባሉ። አራተኛው ቀኑ ነው። የዕረፍት በዓል፣ ዓመታዊ ንግሥና ዝክር መሥራቹን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሻግራሉ።

እነዚህ አራቱ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚጠበቁ አይደሉም። ቀን በመከበሩ ይኖራል፤ ጽሑፍ በመጠበቁና በመገልበጡ ይኖራል፤ ሕንፃ ግን አንድ ጊዜ ከፈረሰ በኋላ በቦታው የሚሠራው ሌላ ሕንፃ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ስፍራ የመሥራቹን መታሰቢያ በዋናነት የተሸከመው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ መለየት የእድሳት ሥራ ሁሉ መነሻ ሊሆን ይገባል። ቀጥሎ የሚቀርቡት ምሳሌዎች ይህንኑ ያሳያሉ።

ደብረ ዳሞ፦ የጥንቱን ጥበብ የተከተለ ጥገና

በትግራይ የሚገኘው የደብረ ዳሞ ገዳም የተመሠረተው በ6ኛው መቶ ዘመን፣ ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ በሆኑት በአቡነ አረጋዊ እንደሆነ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ያስረዳል። ዙሪያውን ገደል ወደሆነው አምባ የሚወጣው ዛሬም በገመድ ነው። ገድላቸው አቡነ አረጋዊ ወደ አምባው የወጡት በዘንዶ ታግዘው እንደሆነና ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራላቸውም ዐፄ ገብረ መስቀል እንደነበረ ይተርካል። በዓላቸው ጥቅምት 14 ቀን በርካታ ምእመናን በተገኙበት ይከበራል።

የገዳሙ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን የአክሱም ዘመን የግንባታ ጥበብ በግልጽ ከሚታይባቸው ጥቂት ሕንፃዎች አንዱ ነው። ግድግዳው የተሠራው ድንጋይና እንጨት በየደርዙ እየተፈራረቁ ሲሆን፣ ግድግዳውን ሰንጥቀው የሚያልፉት አጫጭር እንጨቶች ጫፋቸው ወደ ውጭ ይወጣል። እነዚህ በተለምዶ «የዝንጀሮ ራስ» እየተባሉ የሚጠሩት የእንጨት ጫፎች በአክሱም ሐውልቶች ላይ በድንጋይ ተቀርጸው ይታያሉ። የውስጡ ጠፈር ደግሞ የእንስሳት ምስል በተቀረጸባቸው ሳንቃዎች የተዋበ ነው።

እንጨትና ድንጋይ ተያይዘው የቆሙበት ግድግዳ እንጨቱ ሲበሰብስ ሚዛኑን ይስታል። የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያንም በእርጅና ምክንያት ለአደጋ ተጋልጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 እንግሊዛዊው አርክቴክት ዴሪክ ማቲውስ በተሳተፈበት ሥራ ሕንፃው ታድሷል። በዚያ ወቅት ከድንጋይና ከእንጨት ከተሠሩት ግድግዳዎች አንዱ እንደገና የተገነባ ሲሆን፣ የተሠራውም በዚያው በነባሩ የአሠራር ስልት ነው።

ከዚህ ሥራ ሦስት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ ከጥገናው በፊት ሕንፃው በከፊልም ቢሆን ተመዝግቦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1906 ወደ አገራችን የመጣው የጀርመን የአክሱም የጥናት ቡድን ስለ ደብረ ዳሞ መረጃ ሰብስቦ አሳትሟል። ሁለተኛ፣ የተበላሸው የተተካው በሚመስለው ነገር ነው። ሦስተኛ፣ የተሠራው ሥራ በጽሑፍ ተቀምጧል። ማቲውስ ስለ ጥገናው እ.ኤ.አ. በ1949 ዘገባ ያሳተመ ሲሆን፣ ከጣሊያናዊው አንቶኒዮ ሞርዲኒ ጋር ያዘጋጀው ሰፊ ጥናትም እ.ኤ.አ. በ1959 ታትሟል። ከእነዚህ ጽሑፎች የተነሣ ጥገናው ምን እንዳካተተ ከመገመት ይልቅ አንብቦ መረዳት ይቻላል። የአቡነ አረጋዊን መታሰቢያ በዚህ ስፍራ የተሸከመው አምባው ብቻ ሳይሆን የአሠራር ጥበቡም ጭምር በመሆኑ፣ ግድግዳው በሌላ ስልት ቢተካ ኖሮ ከመታሰቢያው ትልቁ ክፍል በጠፋ ነበር።

ይምርሐነ ክርስቶስ፦ የሚታደሰውና የማይነካው

በደብረ ዳሞ የሚታየው የእንጨትና የድንጋይ አሠራር ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በላስታ በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ዳግም ይገኛል። በዛግዌ ዘመን በሰፊ ዋሻ ውስጥ የታነጸው ይህ ቤተ ክርስቲያን ነጭ ልስን የተቀባው ድንጋይና ጥቁሩ እንጨት በአግድም እየተፈራረቁ የሚታዩበት ነው። ከመሥራቹ ከቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ ጋር የተያያዙት መቃብሮች በዚያው በዋሻው ውስጥ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ይገኛሉ።

እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በኢትዮጵያ የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ይህንን ስፍራ ጎብኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1540 በታተመው መጽሐፉም በዋሻው ውስጥ ስላሉ መቃብሮች፣ ትልቁ መቃብር ደረጃዎች እንዳሉትና በከበረ ልብስ ተሸፍኖ እንዳየው፣ እንዲሁም ንጉሡ በክህነት ያገለግል እንደነበር የተነገረውን መዝግቧል። የመሥራቹ መቃብር ዛሬም በልብስ ተሸፍኖ ይታያል። አልቫሬስ ያየው ልብስ ዛሬ ያለው ልብስ አይደለም፤ ልብስ ያረጃል፣ ይተካል። መቃብሩን የማልበስ ሥርዓቱ ግን ቀጥሏል።

በዚሁ ስፍራ ከመቃብሩ ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ የቤተ ክርስቲያኑ የግድግዳ ሥዕሎች ይገኛሉ። እነዚህ ሥዕሎች በኢትዮጵያ ተጠብቀው ከቆዩ የግድግዳ ሥዕሎች መካከል እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት ይመደባሉ። ሥዕሎቹ እንደ መቃብሩ ልብስ በየጊዜው የሚታደሱ ቢሆኑ ኖሮ ዛሬ ስለ ዛግዌ ዘመን የሥዕል ጥበብ የሚታወቀው ከጥቂቱም ያነሰ በሆነ ነበር።

በአንድ ዋሻ ውስጥ ሁለት የአክብሮት መንገዶች ጎን ለጎን ይገኛሉ ማለት ነው። ልብሱ በመታደሱ ይከበራል፤ ሥዕሉ ባለመነካቱ ይከበራል። አብዛኛው የእድሳት ስህተት የሚመነጨው እነዚህን ሁለቱን ካለመለየት ነው። መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ የመቃብር ልብስና የመሳሰሉት እንዲለወጡ የተሠሩ ናቸው፤ ጥንታዊ ሥዕል፣ የተቀረጸ እንጨት፣ የተጻፈ ድንጋይና የመሥራቹ የእጅ ሥራ ግን ምትክ የላቸውም።

ደብረ ሊባኖስ፦ ሕንፃው ሲለወጥ ቦታውና ቀኑ

በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የደብረ ሊባኖስ ገዳም ከላይ ከተጠቀሱት ይለያል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዘመን የመሠረቱት ይህ ገዳም ቀድሞ ደብረ አስቦ ይባል ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ የሚለውን ስም ያገኘው በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ነው። ገዳሙ በ16ኛው መቶ ዘመን ጦርነት ተቃጥሏል። ከመጀመሪያዎቹ ሕንፃዎች አንዱም አልተረፈም። ዛሬ በመሥራቹ መቃብር ላይ የሚታየው ቤተ ክርስቲያን በቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ በ1950ዎቹ የተሠራ ነው።

ይህ ማለት ግን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት መታሰቢያ ጠፍቷል ማለት አይደለም። በዚህ ስፍራ መታሰቢያውን የተሸከሙት የጸለዩበት ዋሻ፣ መቃብራቸው፣ ገድላቸውና በዓላቸው ናቸው። ካረፉ ከሃምሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ ዐፅማቸው የፈለሰበት ግንቦት 12 ቀን ከዕረፍታቸው ከነሐሴ 24 ቀን ጋር በየዓመቱ በታላቅ ድምቀት ይከበራል።

የግንቦት 12 በዓል ሌላም መታሰቢያ አለው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የተደረገውን የግድያ ሙከራ ተከትሎ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት ወር በጄኔራል ማሌቲ የሚመራ የፋሺስት ጦር በበዓሉ ሰሞን ገዳሙን ከብቦ መነኮሳትንና ምእመናንን ፈጅቷል። በጊዜው የተላለፉ የጣሊያን ወታደራዊ መልእክቶች 297 መነኮሳት በአንድ ቀን መገደላቸውን ሲጠቅሱ፣ ቆይተው የተካሄዱ ጥናቶች ደግሞ በአጠቃላይ የተገደሉት ሰዎች ቁጥር ከዚያ በብዙ እንደሚበልጥ ያመለክታሉ። የመሥራቹን ዐፅም ፍልሰት ለማክበር የተሰበሰቡት በመሥራቹ ቀን ሰሞን መሥዋዕት ሆነዋል። በመሆኑም በደብረ ሊባኖስ መታሰቢያን መጠበቅ ማለት የግፍ መታሰቢያ የሆኑትን ቦታዎች፣ የሰማዕታቱን አፅምና የዓይን ምስክሮችን ቃል መጠበቅንም ይጨምራል። አዲስ ሕንፃ ይህንን ሊያደርግ አይችልም፤ ቦታውና ቀኑ ግን ያደርጉታል።

ላሊበላ፦ በበጎ ፈቃድ የደረሰ ጉዳትና እርማቱ

እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈሩት 11 የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የመሥራቹን የቅዱስ ላሊበላን ስም የያዙ ሲሆኑ፣ መቃብሩም በቤተ ጎልጎታ እንደሚገኝ ትውፊቱ ያስረዳል። በዚህ ስፍራ መታሰቢያው ድንጋዩ ራሱ ነው። ከድንጋዩ የተለየ ሕንፃ የለም።

በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለመከላከል ታስቦ በአንዳንዶቹ ላይ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ዓላማው መልካም ቢሆንም ድንጋዩ የያዘውን እርጥበት እንዳያስወጣ የሚያደርግ መሸፈኛ ጉዳትን ከማስቀረት ይልቅ ያባብሳል። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት በተከናወነው ጥገና ይህ ሽፋን እንዲነሣ ተደርጓል። አንድ ትውልድ የለበጠውን የሚቀጥለው ትውልድ እየፈቀፈቀ ማንሣት ነበረበት።

እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ አራት ትላልቅ መጠለያዎች ተተክለዋል። መጠለያዎቹ ዝናቡን ቢከላከሉም ክብደታቸውና ወደፊት ሊያስከትሉ የሚችሉት ጉዳት ካህናቱንና የአካባቢውን ነዋሪዎች ሲያሳስብ ቆይቷል። በሌላ በኩል የቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ጥገና በቅርስ ባለሥልጣኑና በወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ ትብብር ተከናውኖ እ.ኤ.አ. በ2016 ተጠናቅቋል። ከላሊበላ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ጥሩ ጥገና ማለት ከተሳሳተ ሊነሣ የሚችል፣ ከተነሣም በኋላ የነበረውን ሳይጎዳ የሚተው ሥራ ነው።

በአጥቢያዎች አዘውትረው የሚታዩ ስህተቶች

ከላይ የተዘረዘሩት ስፍራዎች የዓለምን ትኩረት ያገኙ ናቸው። በየአጥቢያው የሚገኙት መታሰቢያዎች ግን ባለሙያ ሳያያቸው ሊለወጡ ይችላሉ። በተደጋጋሚ የሚስተዋሉት ችግሮች የሚከተሉት ናቸው።

በጭቃ ወይም በኖራ የተገነባን ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን ቀዳሚው ነው። ሲሚንቶ ጠንካራ በመሆኑ ዘላቂ ይመስላል፤ ሆኖም ከሥሩ ያለው ግድግዳ እርጥበቱን ማውጫ ስለሚያጣ ከውስጥ እየተፈረፈረ ይሄዳል። ልስኑ ቆሞ ግድግዳው የሚወድቅበት ጊዜም አለ።

ሁለተኛው ሥዕልን «ማድመቅ» ነው። የደበዘዘ ሥዕል ላይ በአዲስ ቀለም መሳል የጥንቱን ሠዓሊ እጅ ያጠፋል፤ በሥዕሉ ግርጌ ያለውን የመሥራቹን ወይም የአሠሪውን ስምም ይሸፍናል። በብዙ ክብ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ የተሠራው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ በመሆኑ፣ በውኃ ወይም በሳሙና ለማጽዳት መሞከር ጨርቁን ከግድግዳው ሊለየው ይችላል።

ሦስተኛው የመቃብር ለውጥ ነው። በድንጋይ ክምር ወይም በቀላል ምልክት የሚታወቅን የመሥራች መቃብር ቆፍሮ በእብነ በረድ ወይም በሴራሚክ መሥራት በሥሩ ያለውን ማስረጃ ሊያዛባ ይችላል። አንዳንድ ጊዜም በአዲሱ መቃብር ላይ የለጋሾች ስም ዝርዝር ጎልቶ የመሥራቹ ታሪክ በአንድ መስመር ብቻ ይቀራል።

አራተኛው አሮጌ የተባለውን ዕቃ ማስወገድ ነው። ከፈረሰ በር የወጣ የተጠረበ ሳንቃ፣ የተሰበረ መስቀል፣ ገጹ የተቀደደ መጽሐፍ ማገዶ ሆነዋል ወይም ተሸጠዋል ሲባል መስማት አዲስ አይደለም። ቅርስ ከአገር የሚወጣበት አንዱ መንገድም ይኸው በእድሳት ወቅት የሚፈጠር መዘናጋት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 91 መንግሥትና ሁሉም ዜጎች የአገሪቱን ታሪካዊ ቦታዎችና ቅርሶች የመጠበቅ ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። በአንቀጽ 11 ደግሞ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውንና መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ያረጋግጣል። ሁለቱ ድንጋጌዎች አይጋጩም። ቅዳሴው፣ ሥርዓቱ፣ ታቦቱና በዓሉ የቤተ ክርስቲያኒቱ ናቸው፤ ጥንታዊው ሕንፃና ንዋየ ቅድሳቱ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሀብት ሆነው ሳሉ የአገር ቅርስም በመሆናቸው የሕግ ጥበቃ ይደረግላቸዋል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ባለቤት ቅርሱን በአግባቡ የመያዝና የመንከባከብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ማንኛውም የቅርስ ጥገናና እድሳት የሚከናወነው በቅድሚያ ፈቃድ ሲገኝ ነው። ለጥገናው የሚያስፈልገው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት የወጪውን ከፊል በመሸፈን ጭምር ሊያግዝ የሚችልበት አግባብም ተመልክቷል። በቁፋሮ ወይም በግንባታ ወቅት በአጋጣሚ ቅርስ የተገኘ እንደሆነ ያገኘው ሰው ለሚመለከተው አካል የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

ቅርሶች በብሔራዊና በክልል ደረጃ የሚመደቡት በአዋጅ ቁጥር 839/2006 መሠረት ነው። በመሆኑም አንድ አጥቢያ ጥያቄውን የሚያቀርበው እንደ ቅርሱ ምደባ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የባህልና ቱሪዝም ተቋም ይሆናል። ምደባው የማይታወቅ ከሆነ በወረዳው የሚገኘውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ተገቢ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን በወረዳ ቤተ ክህነትና በሀገረ ስብከት በኩል ያለው የቤተ ክርስቲያኒቱ አሠራር ይጠበቃል።

አንድ ሰበካ ጉባኤ ከየት ይጀምር?

ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት የመጀመሪያው ሥራ መመዝገብ ነው። የሕንፃው፣ የመቃብሩ፣ የሥዕሉና የንዋያተ ቅድሳቱ ፎቶግራፍ በየአቅጣጫው ይነሣል፤ ልኬታቸው ይጻፋል፤ ስለ መሥራቹ የሚያውቁ አረጋውያን ካህናትና ምእመናን ቃል ይመዘገባል። ወደ መቅደስ መግባት የሚፈቀደው ለካህናት ብቻ በመሆኑ በውስጡ የሚደረገው ምዝገባ በሠለጠኑ ካህናትና ዲያቆናት ሊከናወን ይችላል። የመዝገቡ ቅጂ በአንድ ስፍራ ብቻ ሳይወሰን በደብሩ፣ በሀገረ ስብከቱና በቅርስ ተቋሙ ቢቀመጥ እሳት ወይም ስርቆት ቢደርስ እንኳ ማስረጃው ይተርፋል።

ሁለተኛው ውኃን መከላከል ነው። አብዛኛው ጉዳት የሚጀምረው ከሚያፈስ ጣሪያና ከግድግዳው ሥር ከሚቆም ጎርፍ ነው። ጣሪያውን በወቅቱ መድፈንና የፍሳሽ ቦይ ማውጣት ወጪው አነስተኛ፣ ጥቅሙ ግን ከማናቸውም ማስዋብ የበለጠ ነው። ቀሪው ሥራ ፈቃድና ባለሙያ እስኪገኝ ሊቆይ ይችላል።

ሦስተኛው ባለሙያ ማማከርና ፈቃድ ማግኘት ነው። የጥያቄ ደብዳቤው ከምዝገባው ሰነድ ጋር ሲቀርብ ምን እንደተጎዳ፣ ምን ለመሥራት እንደታሰበና በምን ቁሳቁስ እንደሚሠራ በግልጽ ሊያመለክት ይገባል። በአካባቢው የኖራና የጭቃ ሥራ፣ የእንጨት ጠረባ ወይም የሣር ክዳን የሚያውቁ አረጋውያን ባለሙያዎች ካሉ ከወጣቶች ጋር አብረው እንዲሠሩ ማድረግ ጥበቡ ራሱ እንዳይጠፋ ያግዛል።

አራተኛው በሥራው ወቅት የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። ታቦቱ በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት ወደ መቃኞ ከተዛወረ በኋላ ንዋያተ ቅድሳቱ በዝርዝር ተቆጥረው በዕቃ ቤት ይቀመጣሉ። ከሕንፃው የሚወጣ ማንኛውም የተጠረበ እንጨት፣ የተቀረጸ ድንጋይ ወይም የሥዕል ቁራጭ ከየት እንደወጣ ተጽፎበት ይጠበቃል። አዲስ የገባው ከጥንቱ ጋር ተመሳስሎ ቢሠራም የተሠራበት ዓመት በማይታይ ስፍራ ቢጻፍበት ለሚቀጥለው ትውልድ ግልጽ ይሆናል።

አምስተኛው የምእመናን ቁጥር በመጨመሩ ሰፊ ቤተ ክርስቲያን በሚያስፈልግበት ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ ነው። ይህ እውነተኛ ፍላጎት ነው፤ መልሱ ግን ጥንታዊውን ማፍረስ ላይሆን ይችላል። በአክሱም ጽዮን በቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ታላቁ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ በ17ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ፋሲለደስ የታነጸው ቤተ ክርስቲያን በቦታው ተጠብቆ ቆይቷል። ዛሬ ሁለቱም በአንድ ቅጽር አካባቢ ይታያሉ። ቦታው በሚፈቅድበት ሁሉ አዲሱን ከጥንታዊው በተወሰነ ርቀት መሥራት የምእመናኑንም የመሥራቹንም ድርሻ ያከብራል።

በመጨረሻም ከምረቃው በኋላ ያለው ጊዜ ሊታሰብበት ይገባል። አንድ መታሰቢያ የሚጎዳው እድሳቱ ካለቀ በኋላ የሚንከባከበው ሲያጣ ነው። ከተሰበሰበው ገንዘብ ጥቂቱን ለዓመታዊ ጽዳት፣ ለጣሪያና ለፍሳሽ ጥገና ማስቀመጥ፣ ከሰበካ ጉባኤው አባላትም አንድ ኃላፊ መሰየም ከአንድ ጊዜ ታላቅ ወጪ ይልቅ ውጤታማ ነው። ከክረምት በፊትና በኋላ የሚደረግ ፍተሻም የመሥራቹ ዓመታዊ በዓል ዝግጅት አካል ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል።

መሥራች አባቶች ደብር የተከሉት ባገኙት ድንጋይ፣ በአካባቢያቸው እንጨትና በዘመናቸው ጥበብ ነው። የዛሬው ትውልድ ኃላፊነት ያንን በሚያብረቀርቅ ነገር መተካት ሳይሆን፣ ሳይፈርስና ሳይሸፈን ለሚመጣው ትውልድ ማስረከብ ነው። ስለዚህ እድሳት ያሰበ አጥቢያ ሁሉ አንድም ድንጋይ ከቦታው ከማንሣቱ በፊት በአቅራቢያው ከሚገኝ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጋር እንዲመክር ይመከራል።